ጣርማ በርን በሦስት ፒስተን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የጀመረው ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ማልደን ተነስተን፣ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በ2003 ሞዴል ኮሮላችን ወደ አዲስ አበባ እየመጣን ነበር። ምሳ በልተን ሞተር ሳስነሳ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር ምስል ያለባት ቢጫ መብራት በራች። ከከተማው ወጣ እንዳልን እናቴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠችና፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታነክሳለች» አለችኝ።

እናቴ ስለ መኪና አንዳች አታውቅም። ግን ልክ ነበረች። አራቱ ሲሊንደሮች ተራ እየጠበቁ ሲተኩሱ ነው ሞተር እኩል የሚዞረው። አንዱ ተራው ደርሶ እሳት ካጣ ሦስቱ እሱንም ተሸክመው ይዞራሉ። መካኒኮቻችን «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ይሄን ነው። እኔ ግን «ቤንዚኑ ቆሻሻ ኖሮት ነው፤ መንገድ ላይ ይጠራል» ብዬ ነዳሁ።

ያንን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ረገጥኩ። ያን ጊዜ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። መብራቷ ሳትጠፋ ዝም ብላ ስትበራ «አስመርምረኝ» ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ግን ጉዳቱ አሁን፣ በዚያች ደቂቃ እየደረሰ ነው። አላወቅኩም። ጭጋጉ ሳይወርድ የጣርማ በርን ዋሻ ልለፍ ብዬ የባሰ ረገጥኩ።

ውስጡ ምን እየሆነ እንደነበር ልንገራችሁ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር 1,500 ጊዜ ቤንዚን ይቀበላል። እሳት ያጣውም ድርሻው አይቀርበትም። በግማሽ ሰዓት ዳገት 45,000 ጊዜ ማለት ነው። ያ ሁሉ ጥሬ ቤንዚን ወዴት ይሂድ? ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። አብዛኛው ግን ካልተቃጠለው አየር ጋር በጭስ ማውጫው ወጥቶ ካታሊስቱ ውስጥ ይነድዳል። ካታሊስት የማር እንጀራ የመሰለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ ነው፤ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ። የተሠራው መርዛማ ጭስ ሊያጣራ ነው እንጂ ምድጃ ሊሆን አይደለም። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሲያልፍ ልባጡ ይበላሻል፤ ከዚያ ሲብስ ሸክላው ራሱ ይቀልጣል።

ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ መኪናዋ ታነቀች። እግሬ ነዳጁን ወለል ድረስ ረግጦታል፤ እሷ ግን አትሄድም። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም አለች። ደብረ ብርሃን የደረስነው እየተሳብን፣ ከመሸ ነው።

በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ መመርመሪያውን ሰኩና ፒ0303 የሚል ኮድ አነበቡ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። ወዲያው ዕቃ አልቀየሩም። በቁጥር 10 ቁልፍ የሦስተኛውን ቦቢና፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ፈትተው አንደኛው ላይ አሰሩት፤ የአንደኛውን ደግሞ ወደ ሦስተኛው አዛወሩ። ሲያስነሱት ፒ0301 ሆነ። በሽታው ከቦቢናው ጋር ተዛወረ። (ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ቴስታታ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ያንን ዋሻ ከቆፈሩት ጣሊያኖች የቀረልን ነው።)

አዲስ ቦቢና ሲገባ አራቱም እኩል ተኮሱ። እፎይ አልኩ። ስንነዳት ግን አሁንም አትጎትትም። ሰውየው ከሥር ገብተው ከካታሊስቱ በፊት ያለውን ቱቦ አላሉት፤ ሞተሩ ያን ጊዜ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ልጄ፣ ሞተርህስ አልሞተም። አፍንጫውን ደፍነህበት ነው።»

በባትሪ አሳዩኝ። ቀዳዳዎቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው አስሸተቱኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ዘይቱ ሲፈስ እንደ ውሃ ቀጥኖ ነበር። ኮምፕሬሽኑን ሲለኩት ሦስተኛው ከሌሎቹ ጥቂት ዝቅ ብሏል። በዚያ ዘይት ብዙ ብነዳት ኖሮ የፒስተን ቀለበቶቹና ብሮንዚኖቹ ተበልተው ሞተሩ ይወርድ ነበር አሉኝ፤ አምናቸዋለሁ። «ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመህ ቢሆን ቦቢናዋን ብቻ ትገዛ ነበር» ሲሉኝ እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እናንተ የምትነዱ ወገኖቼ፣ ያቺ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ካያችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። ዳገት ይሁን፣ ይምሽ፣ ደኅና ቦታ ፈልጋችሁ ጥግ ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ጎታች ጥሩ።