ዐይነ ስውሩ ባለቅኔ ጆን ሚልተንና ወዳጆቹ

የእንግሊዙ ባለቅኔ ጆን ሚልተን ሲነሣ፥ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ «የጠፋችው ገነት» የተባለውን ታላቅ ግጥም የደረሰ ሰው ሆኖ ይታሰባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የብዙ ሰው ዐይንና እጅ እንዳለበት፥ ወዳጅነቱም ምጽዋት ሳይሆን መረዳዳት እንደ ነበረ ማሳየት ነው።

ሚልተን በ1608 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በ1649 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ከተገደለ በኋላ ለሪፑብሊኩ መንግሥት የውጭ ቋንቋዎች ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። በ1652 ሁለቱም ዐይኖቹ ፈጽመው ጠፉ። በየካቲት 1653 ግን አንድሩ ማርቬል የተባለው ባለቅኔ ረዳቱ እንዲሆን ለጆን ብራድሾ ደብዳቤ ጻፈ። ማርቬልም ሹመቱን በ1657 አገኘ። እንግዲህ በመጀመሪያ ውለታ የዋለው ዐይነ ስውሩ ነበር።

በ1660 የንጉሡ ልጅ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ የሚልተን ሕይወት አደጋ ላይ ወደቀ። የንጉሡን መገደል ደግፎ የጻፋቸው መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ፤ እርሱም ታሰረ። በዚያን ጊዜ ማርቬል የሀል ከተማ የፓርላማ እንደራሴ ነበረና ስለ ወዳጁ ተከራከረ። ሚልተን ከተፈታም በኋላ የእስር ክፍያ ተብሎ 150 ፓውንድ መጠየቁን በምክር ቤት ተቃወመ። ከተሸነፈ ወገን ጋር መታየት በሚያስፈራበት ወራት ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም።

ሚልተን ግጥሙን ሌሊት በልቡ ያዘጋጅና ጧት ለጸሐፊ ያስጽፍ ነበር፤ ጸሐፊው ሲዘገይበትም እንደ ላም መታለብ እፈልጋለሁ እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል። በልብ ቈጥሮ በቃል መስጠት ለቅኔ ቤት ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1662 ቶማስ ኤልውድ የተባለ ወጣት የላቲን መጻሕፍት ሊያነብለት መጣ፤ ሚልተንም በፈንታው የላቲንን አነባበብና የከበደውን ምስጢር አስተማረው። በ1665 ወረርሽኝ ለንደንን ሲመታ በቻልፎንት ቤት የፈለገለት ይኸው ኤልውድ ነው። ባለቅኔውም የግጥሙን ረቂቅ አንብቦ አስተያየቱን እንዲሰጠው አደራ ሰጠው።

ይሁን እንጂ እርዳታው ሁሉ በፈቃድ የተሰጠ አልነበረም። የእኅቱ ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ እንደ ጻፈው፥ ሁለት ሴቶች ልጆቹ በማይገባቸው ቋንቋ ድምፁን ብቻ እያወጡ እንዲያነቡለት ይደረግ ነበር፤ ይህም አስመርሯቸዋል። ኤልውድ እያነበበ ሲማር፥ ልጆቹ እያነበቡ አልተማሩም። በወዳጅነትና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ጐልቶ ይታያል።

መጽሐፉ በ1667 ታተመ፤ ለደራሲው በመጀመሪያ የተከፈለው 5 ፓውንድ ብቻ ነው። በ1674 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም በመግቢያው ላይ የማርቬል ግጥም ወጣ። ማርቬል ዐይነ ስውሩ ይህን ከባድ ነገር እንዴት ይወጣዋል ብሎ መጀመሪያ መጠራጠሩን ሳይሸሽግ፥ በመጨረሻ አድናቆቱን ገለጠ። ሚልተን በዚያው ዓመት ሞተ።

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ ደራሲው ማን ነው ብሎ ብቻ ሳያበቃ፥ ማን አነበበለት፥ ማን ጻፈለት፥ በምላሹስ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።