ባዕድ ሕዋስ በሰው ገላ ውስጥ፤ የቆሽት ደሴቶችን ከሰውነት መከላከያ ኃይል የመጠበቅ ጥረት ታሪክ

በታኅሣሥ ወር 1893 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በስኳር በሽታ ተዳክሞ ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ የታወቀ ፈውስ አልነበረም። ሐኪሞች የነበራቸው ዋነኛ ዘዴ ምግብን መቀነስ ሲሆን፣ ይህም የበሽተኛውን ሞት ከማዘግየት አያልፍም። ዶክተር ዋትሰን ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም ከቀዶ ጥገና ባለሙያው ከሐርሳንት ጋር በመሆን፣ ገና ከታረደ በግ የቆሽት ቁራጮች ወስደው ከልጁ ቆዳ ሥር አኖሩ። ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ይህ ሙከራ ዛሬ ሲነበብ የድፍረት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ፓውል ላንገርሃንስ ገና የሕክምና ተማሪ ሳሉ በ1869 በቆሽት ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ትናንሽ የሕዋስ ክምችቶችን በማጉያ መሣሪያ አይተው ገልጸዋል፤ ጥቅማቸውን ግን አላወቁትም። በ1889 ደግሞ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት ቆርጠው ቢያወጡ፣ ውሻው ወዲያውኑ በስኳር በሽታ ተያዘ። እንግዲህ የጎደለው ነገር ከቆሽት የሚገኝ ከሆነ፣ ቆሽትን መመለስ ጉድለቱን ይሞላል ብሎ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም። የብሪስቶሉ ሐኪም ያልነበራቸው ሁለት ነገር ነው፤ ፈላጊውን ሕዋስ ከማይፈለገው ለይቶ የማውጣት ጥበብና፣ ሰውነት ባዕዱን ለምን እንደሚያጠፋ የሚያስረዳ ዕውቀት።

በ1922 በቶሮንቶ የመጀመሪያው በሽተኛ ኢንሱሊን ሲወጋ የንቅለ ተከላው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ተዳፈነ። ተረስቶ አለመቅረቱ የኢንሱሊን ውስንነት ውጤት ነው። መርፌው ሕይወትን ያቆያል፤ ነገር ግን ጤናማው ቆሽት በየደቂቃው የሚያደርገውን ምዘና ሊተካ አይችልም። መጠኑ ሲያንስ ዓይንና ኩላሊት በዓመታት ሂደት ይጎዳሉ፤ ሲበዛ በሽተኛው በአንድ ሌሊት ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የተገኘው ከስኳር በሽታ ርቆ፣ በጦርነት ቃጠሎ ከተጎዱ ሰዎች አልጋ አጠገብ ነው። ፒተር ሜዳወርና የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን በ1943 በግላስጎው እንዳስመዘገቡት፣ ከሌላ ሰው ተወስዶ የተለጠፈ ቆዳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይወድቃል፤ ከዚያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ግን ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይጠፋል። ሰውነት ባዕዱን ለይቶ ያውቃል፣ ያወቀውንም አይረሳም ማለት ነው። የቆዳው መውደቅ የቀዶ ጥገና ጉድለት ሳይሆን የመከላከያው ኃይል ተገቢ ሥራ መሆኑ ከዚህ በኋላ ግልጽ ሆነ።

ደሴቶቹን ለይቶ የማውጣቱ ጥበብ በ1960ዎቹ ደረሰ። ደሴቶቹ ከቆሽት ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የቀረው ክፍል ምግብ የሚፈጭ ኤንዛይም የሚያመነጭ በመሆኑ ያለጥንቃቄ ቢነካ ራሱን ይበላል። በሴንት ልዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፖል ሌሲና ሜሪ ኮስቲያኖቭስኪ በ1967 ኮላጅኔዝ በተባለ ኤንዛይም የአይጥን ቆሽት አላልተው ደሴቶቹን በሕይወት ማውጣት ቻሉ። በ1972 ከባሊንጀር ጋር ሆነው የአይጥን የስኳር በሽታ በንቅለ ተከላ እንዳሻሉ አስታወቁ። በ1973 ደግሞ ሕዋሳቱን ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ በኩል ማፍሰስ ከሁሉ እንደሚሻል ታየ፤ ይህ መንገድ በሰውም ላይ የሚሠራበት ሆኖ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ግን ዋናው ችግር ተገተረ። እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ አይጦችን ማራባት ይቻላል፤ ሰዎች ግን አይመሳሰሉም። የሰው በሽተኛ የሌላ ሰው ደሴቶች ቢሰጡት መከላከያውን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል። እነዚህም ለተላላፊ በሽታና ለካንሰር ያጋልጡታል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶች የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሌሎችም የተተከሉትን ሕዋሳት ራሳቸውን ይመርዛሉ። ሕፃን ልጅን ከመርፌ ለማላቀቅ ሲባል ይህን ሁሉ ማሸከም ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሯል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ኩላሊቱ የከሸፈበት ሰው ያለ ንቅለ ተከላ ወይም ያለ ማጣሪያ መሣሪያ ይሞታል፤ የስኳር በሽተኛው ግን በኢንሱሊን ይኖራል።

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገ ሥራ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ዴቪድ ሰዘርላንድና ባልደረቦቻቸው ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች ከጤነኛው ቆሽት ከፍለው ለበሽተኛው ተከሉ። ሥጋው አንድ በመሆኑ ባዕድነት አልነበረም፤ ስለሆነም የመከላከያ ማዳከሚያ ያልተሰጣቸው በሽተኞች ነበሩ። በእነዚህ ላይ ግን የስኳር በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ሲመረመርም የጠፉት ኢንሱሊን አመንጪዎቹ ሕዋሳት ብቻ ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያውን ቆሽት ያጠፋው የራስ መከላከያ አዲሱንም አውቆት ነበር። እንግዲህ የሚተከለው ሕዋስ ጠላቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ባዕድን የሚጠላ፣ ሌላው ኢንሱሊን አመንጪን የሚጠላ።

ሕዋሱን በግንብ የመከለል ሐሳብ ማራኪ የሆነው ሁለቱንም ጠላት በአንድነት ስለሚያግድ ነው። የሞንትሪያሉ ቶማስ ቻንግ ፈሳሽ በቀጭን ሽፋን ከሚከለልበት ጥቃቅን እንክብል ላይ በ1964 ጽፈው ነበር። በ1980 ፍራንክሊን ሊምና አንቶኒ ሰን ይህንኑ በደሴቶች ላይ አዋሉት። ደሴቶቹን ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት (አይስክሬም ማወፈሪያም ነው) ጠብታ ውስጥ አስገብተው፣ ጠብታውን በፖሊላይዚን ሸፈኑት። ስሌቱ የመጠን ስሌት ነው። ፀረ አካል የኢንሱሊንን 25 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ነጭ የደም ሕዋስማ ከሁለቱም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ቀዳዳው በልኩ ከተሠራ ስኳርና ኦክሲጅን ይገባሉ፣ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ጠላት በውጭ ይቀራል። ያለ ሽፋን የተተከሉት ደሴቶች ከስድስት እስከ ስምንት ቀን ብቻ ሲሠሩ፣ የተሸፈኑት የአይጦቹን ስኳር ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ልከኛ አድርገው ቆዩ።

ብዙዎች ችግሩ የተፈታ መሰላቸው። ፓትሪክ ሱን ሺዮንግ በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፣ የተሸፈኑ የሰው ደሴቶች የተተከሉለት አንድ በሽተኛ ኢንሱሊን እስከ ማቆም መድረሱን ገለጹ፤ ሰውየው ግን ኩላሊት ቀድሞ የተተከለለት በመሆኑ የመከላከያ ማዳከሚያ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች ሰዎች የተገኘው ውጤት ከተጠበቀው በታች ሆነ። ምክንያቱ በግንቡ ባሕርይ ውስጥ አለ። ደሴት በተፈጥሮው በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላና ኦክሲጅን አብዝቶ የሚፈልግ ነው፤ ግንቡ ደግሞ ጠላትን ብቻ ሳይሆን የደም ሥርንም ይከለክላል። ሰውነትም እንክብሉን ማፍረስ ባይችል በጠባሳ ሕዋስ ይጠቀልለዋል፤ ያን ጊዜ ኦክሲጅን ጭራሹን ይቀራል። ነጭ ሕዋሳት የሚለቋቸው አንዳንድ መርዛም ፕሮቲኖችም አነስተኛ በመሆናቸው በቀዳዳው ያልፋሉ። ተመራማሪዎቹ ለረጅም ጊዜ ያሰቡት ስለ ከበባው ሲሆን፣ በግንቡ ውስጥ ያሉት በረኃብ የሚሞቱ መሆናቸውን በቂ ግምት አልሰጡትም ማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል ያለ ግንብ የሚሠሩት ወገኖች ወደፊት ተራመዱ። ከ1990 ጀምሮ ደሴት ከተተከለላቸው 267 በሽተኞች መካከል ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ኢንሱሊን የቆዩት ከመቶ 8.2 ብቻ ነበሩ። በካናዳ በኤድመንተን ከተማ ጀምስ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው በ2000 እንዳስታወቁት ግን፣ ሰባት በሽተኞች ሰባቱም ኢንሱሊን አቆሙ። ኮርቲዞን መሰሎቹን ትተው ሲሮሊመስን፣ ጥቂት ታክሮሊመስንና ዳክሊዙማብን ሰጡ፤ ለአንድ ሰውም ከአንድ በላይ የሟች ቆሽት ተጠቀሙ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ዕድሜው ግን አጭር። ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን የቀሩት ከአሥር አንድ ያህል ሆኑ። አብዛኞቹ ግን የራሳቸውን ኢንሱሊን በጥቂቱም ቢሆን ያመነጩ ስለነበር፣ ራስን ከሚያስት የስኳር መውረድ ተጠብቀዋል፤ ይህም ቀላል ትርፍ አይደለም።

የሕዋስ እጥረቱ መልስ ያገኘ የመሰለው ከግንደ ሕዋስ ነው። በሃርቫርድ የዳግላስ ሜልተን ቡድን በ2014 ከሰው ግንደ ሕዋስ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን በብዛት ማውጣቱን ገለጸ። ከዚህ ዓይነት ምንጭ የተሠሩ ደሴቶች ሙሉ መጠን ተሰጥቷቸው፣ በ2025 በወጣ ዘገባ ከ12 በሽተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አያስፈልጋቸውም ነበር። ይህ ግን በመከላከያ ማዳከሚያ መድኃኒት ሥር ነው። ያው ኩባንያ፣ ቨርቴክስ፣ ተመሳሳዮቹን ሕዋሳት በመከለያ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ያለ መድኃኒት ሲሞክር የተመረተው ኢንሱሊን በቂ ባለመሆኑ በዚያው ዓመት በመጋቢት ሥራውን አቆመ። አንዱ ሕዋስ በነጻነት ሠርቶ በግንብ ውስጥ መድከሙ፣ ጥፋቱ የሕዋሱ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያል።

በስዊድን በኡፕሳላ የተሞከረው ዘዴ ግንቡን ከነጭራሹ ይተዋል። ተመራማሪዎቹ ከሟች የተገኙ ደሴቶችን ጂን ለውጠው፣ ሕዋሱ ባዕድነቱን የሚያሳይባቸውን ምልክቶች አጠፉ፤ ምልክት የሌለውን ሕዋስ የሚያጠቁ ሌሎች ወታደሮች ስላሉም፣ እነርሱን የሚያግድ ሲዲ47 የተባለ ፕሮቲን እንዲበዛ አደረጉ። በታኅሣሥ 2024 ሕዋሳቱን በአንድ የስኳር በሽተኛ የክንድ ጡንቻ ውስጥ ተከሉ፤ ማዳከሚያ መድኃኒት አልተሰጠውም። በነሐሴ 2025 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከ12 ሳምንት በኋላ የተለወጡት ሕዋሳት በሕይወት ሆነው ለስኳር መልስ እየሰጡ ኢንሱሊን ያመነጩ ነበር፤ ለውጡ ያልተሟላባቸው ግን በመከላከያው ተጠቅተዋል። የተተከለው መጠን ሆን ተብሎ አነስተኛ የተደረገ በመሆኑ፣ በሽተኛው የኢንሱሊን መርፌውን አላቋረጠም።