የድብልቅ ንድፍ፦ አስፋልት ከመነጠፉ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ የሚወሰነው

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይዘልቃል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣም እንደዚያው ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ያንን ዳገት የሚወጣው እያዘገመ ነው። ሬንጅ ደግሞ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከባድ ጭነት ረጋ ብሎ ሲያርፍበት የበለጠ ይሸሻል። ስለዚህ ደጋ ሜዳ ላይ ለዓመታት ያገለገለ አስፋልት እዚያ ዳገት ላይ ቢነጠፍ የጎማውን መስመር ተከትሎ ሊሰረጉድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ አስቦ ለቦታው የሚስማማውን ቅይጥ የመወሰን ሥራ በመሐንዲሶች ዘንድ «ሚክስ ዲዛይን» ይባላል። በአማርኛ «የድብልቅ ንድፍ» ብንለው ይገልጸዋል።

ንድፍ ሲባል ብዙ ሰው ወረቀት ላይ የተሠመረ ሥዕል ይታየዋል። እዚህ ግን የሚነደፈው መጠን ነው፦ የትኛው ድንጋይ፣ በምን ያህል ውፍረት፣ ከየትኛው ሬንጅ ጋር፣ ስንት በመቶ። ውሳኔው በቁጥር ተጽፎ ለማምረቻው ሲሰጥ «ጆብ ሚክስ ፎርሙላ» ይሉታል፤ «የሥራ ቀመር» ማለት ነው።

በደንብ የተጠቀጠቀ አንድ ሜትር ኩብ አስፋልት ወደ 2.4 ቶን ይመዝናል። ሬንጁ 5 በመቶ ከሆነ ድርሻው 120 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ድንጋይ ነው። ጥቁር ቀለሙ ያሳስተናል እንጂ የመኪናውን ክብደት በዋናነት የሚሸከመው እርስ በርሱ የተቆላለፈው ጠጠር ነው።

ጠጠሩ ከካባ ወጥቶ በክሬሸር ይፈጫል። በአገራችን ገበያ 02፣ 01 እና 00 እየተባለ ከትልቁ ወደ ደቃቁ የሚሸጠው ይኸው ነው። የተፈጨ ድንጋይ ማዕዘን ስላለው ይያያዛል፤ ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ግን ይንሸራተታል። መጠኖቹም እንደ ልብ አይቀላቀሉም። በትልልቁ መካከል ያለውን ቦታ ትንንሹ፣ በትንንሹ መካከል ያለውን ደግሞ አሸዋ መሰሉ እንዲሞላው በወንፊት እየተለየ ይመጠናል። ከሁሉ የላመው፣ በ0.075 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ዱቄት፣ «ፊለር» ይባላል። ሲበዛ ሬንጁን መጥጦ ድብልቁን ያደርቀዋል። ጠጠሩን የሸፈነ አቧራ ደግሞ ሬንጁ ከድንጋዩ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ሬንጅ፣ ባለሙያዎቹ «ቢትመን» የሚሉት፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ነው። ኢትዮጵያ ማጣሪያ ስለሌላት ከውጭ ታስገባዋለች። በርሜሉ ላይ 60/70 ወይም 80/100 የሚል ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ የሚገኘው በጣም ቀላል በሆነ ሙከራ ነው፦ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የተቀመጠ ሬንጅ ላይ 100 ግራም የተጫነባት መርፌ ለ5 ሰከንድ ትለቀቃለች። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ከገባች 60/70 ነው። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከጠለቀች ሬንጁ ለስላሳ ነው፤ እንደ አፋር ባለ ቆላ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ አይመረጥም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሬንጁ ስንት በመቶ ይሁን የሚለው ነው። በብዙ አገር እስካሁን የሚሠራበት ዘዴ የሚጠራው ብሩስ ማርሻል በተባለ የሚሲሲፒ የመንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ስም ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን ሙከራ የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች ብሎ አዳበረው። ላብራቶሪ ውስጥ ወደ 1.2 ኪሎ የሚጠጋ የጋለ ጠጠር ከሬንጅ ጋር ተለውሶ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ 4.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በእያንዳንዱ ገጽ 75 ጊዜ ይወርድበታል። ከዚያም ናሙናው በ60 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በመጭመቂያ ይፈተሻል፤ የቻለው ጭነትና እጅ እስኪሰጥ የተጨመቀው ልክ ይመዘገባል። ሬንጁ በግማሽ በግማሽ በመቶ እየጨመረ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ናሙና ይሠራል። ጥንካሬው በመጀመሪያ ያድጋል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን ሬንጅ በተጨመረ ቁጥር ይወርዳል።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ነገር የአየር ክፍተት ነው። ጥሩ ድብልቅ ውስጥ 4 በመቶ ያህል አየር ሊቀር ይገባል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 40 ሊትር መሆኑ ነው። ለምን ባዶ ቦታ ይተዋል? ሬንጅ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትራፊኩም ድብልቁን እየጠቀጠቀ ያጠብቀዋል። ክፍተቱ ከ3 በመቶ በታች ከወረደ ሬንጁ መሄጃ ያጣል፤ ወደ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያላብሰዋል፣ አስፋልቱም በጎማ ሥር ይሸሻል። ክፍተቱ ወደ 8 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ስለሚገናኙ ውኃ ይሰርጋል፤ ሬንጁን ከድንጋዩ ያላቅቀዋል፤ አየሩም ሬንጁን ያደርቀውና መንገዱ ይሰነጣጠቃል። ከክረምት በኋላ የምናያቸው ብዙ ጉድጓዶች የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

እንደ ዓባይ በረሃ ላለ ዳገት 75 ምት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ናሙናው ከዚህ በላይ አልጠቀጠቅም እስኪል ድረስ ይመታል፤ በዚያን ጊዜም ቢያንስ 3 በመቶ ክፍተት እንዲቀር ይጠበቃል።

ቀመሩ በወረቀት ላይ ማማሩ ብቻ መንገዱን አያድነውም። ድብልቁ ከማምረቻው የሚወጣው ከ150 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይዞ ነው፤ በጉዞ ከቀዘቀዘ ሮለር ቢመላለስበትም አይጠቀጠቅም፣ ክፍተቱም ሰፊ እንደሆነ ይቀራል። ካባው ሲቀየር ወይም የጠጠሩ መጠን ሲዛባም የድሮው ቀመር ስለማይሠራ ንድፉ እንደገና መሠራት አለበት።

ስለዚህ የመንገድ ሥራ የሚከታተል ጋዜጠኛም ሆነ የምክር ቤት አባል ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነጠፈ ሲጠይቅ ሁለት ጥያቄ ይጨምር፦ የሥራ ቀመሩ የፈቀደው ሬንጅ ስንት በመቶ ነው? ከተነጠፈው መንገድ ተቆርጦ በወጣው ናሙና ላይ የተለካው የአየር ክፍተትስ ስንት ሆነ?