ከጣት አሻራ እስከ ፊርማ

የምጽፍላችሁ ከሪያድ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፣ ትምህርቴ እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ስህተት ካለ አርሙኝ።

እዚህ 22 ሴቶች ሆነን ቅሬ አለን። ወሎ ውስጥ እድርን ቅሬ ነው የምንለው። በየወሩ 20 ሪያል እናዋጣለን። ብዙዎቻችን ከቤት ስለማንወጣ የምንገናኘው በዋትሳፕ ነው። ባለፈው ዓመት አንዷ እህታችን ወደ አገሯ ልትገባ ስትል አሠሪዋ የ7 ወር ደመወዟን "ሰጥቻታለሁ" አለቻት። ለካስ በየወሩ የሚቀርብላትን የዐረብኛ ወረቀት ምን እንደሚል ሳታውቅ አሻራዋን ታደርግበት ነበር። በምን ታስረዳ? ቅሬያችን አዋጥቶ ሸኛት፣ ደመወዟ ግን ቀረ።

ከዚያ ግሩፑ ላይ ክርክር ተነሳ። ግማሾቻችን "ማንበብ እንማማር" ስንል ሌሎቹ "ቅሬ ለሞትና ለበሽታ ነው፣ ትምህርት ቤት ልታደርጉት ነው እንዴ?" አሉ። እኔም ነገሩን ከሥሩ ልወቀው ብዬ ሳነብና ትልልቆችን ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ልጅ ሆኜ እድር ከድሮ ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለኝ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው ዓይነት እድር ግን ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገቡ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። ከጣሊያን ዘመን ወዲህ ደግሞ በጣም ተስፋፋ። ከዘመዱ ርቆ የሚኖር ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው? ሲቸግረው ማን ያበድረው? እድርና እቁብ የዚህ መልስ ናቸው። እኛም እኮ እንደዚያው ነን፣ የእኛው ከተማ ራቀ እንጂ።

ሴቶች የተሰባሰቡት ግን ለለቅሶ ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ መሪነት ተሰብስበው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብልም ይሠሩ ነበር። ይሄ እንግዲህ የትልልቅ ሰዎች ቤት ታሪክ ነው።

የእኛ ቤት ታሪክ የሚጀምረው በ1971 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፣ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። አያቴ የተማረችው ያኔ ነው። ጎረቤታሞቹ ተራ ገብተው አንዷ ልጆቹን ስትጠብቅ ሌሎቹ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። በ1972 ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ የሚሉት፣ ተቋቋመ። የመንግሥት ስለነበር በስብሰባው የሚያማርሩ ብዙ ነበሩ፣ ደርግ ሲወድቅም አብሮ ቀረ። አያቴ የተማረችው ፊደል ግን አልቀረም። ከዚያ ወዲያ አሻራ አድርጊ ሲሏት "ስሜን እጽፋለሁ" ትል ነበር።

እኔ የልጅ ልጇ እስከ 10ኛ ተምሬ፣ ወደዚህ ስመጣ በማላነበው የዐረብኛ ውል ላይ አሻራዬን አድርጌያለሁ። ይሄን ሳስብ አፈርኩ።

ስደት ላይም ታሪክ አለን። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ እዚሁ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር የሆነውን ያልሰማ የለም። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተደበደቡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተመለሱ። ያኔ እዚያ የነበረች ታላቅ እህታችን እንደነገረችኝ፣ አብረዋት እቁብ የሚጥሉት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተሸሽገው ያላቸውን ሩዝ ተካፍለው ነው ያለፉት።

ቤሩት ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ከዚያ አልፈው ሄደዋል። በፈረንጅ 2017 እነ ባንቺ ይመር "እኛ ለእኛ በስደት" የሚል ማኅበር መሠረቱ፤ የመሠረቱት ራሳቸው የቤት ሠራተኞች ናቸው። በ2020 ሊባኖስ ኑሮ ሲቃወስ አሠሪዎች ሴቶቹን ኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ማኅበሩ ምግብና የቤት ኪራይ ሰጠ፣ ወደ አገር መመለስ የፈለጉትንም ረዳ። ትምህርትም ይሰጣል።

ይሄን ሁሉ በቮይስ ለግሩፑ ነገርኳቸው። ሁለቱ አልተዋጠላቸውም፣ ወጡ። 20 ቀረን። አሁን ሐሙስ ማታ ሥራ ሲያልቅ ዐረብኛ ማንበብ የምትችለዋ እህታችን በቮይስና በፎቶ ታስተምረናለች። ሕጉንም እንጠያየቃለን። በፈረንጅ 2013 የወጣውና እስከ 2024 ይሠራበት የነበረው የሳዑዲ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 1 ቀን ዕረፍት እንዳላት ይል ነበር፤ ከግሩፑ ይሄን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በባንክ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራርም መጥቷል። ሁላችንም የተቀበልነውን ገንዘብ ከነቀኑ ደብተር ላይ እንጽፋለን።

መጀመሪያ የተማርነው ቃል "ኢስተለምቱ" ነው፤ "ተረከብኩ" ማለት ነው። እህቴ፣ የዚህን ቃል ጽሑፍ ከምታውቅ ሰው ለምኚና ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ወረቀት ላይ ካየሽው ገንዘቡን ቆጥረሽ በእጅሽ ሳትይዢ አትፈርሚ፣ አሻራም አታድርጊ።

እናንተስ ባላችሁበት ከተማ ቅሬ አላችሁ? ምን ትማማራላችሁ? ጻፉልን፣ እኛም እንማርበት። ሁላችንንም ለአገራችን ያብቃን።