በቶኮዛ ሱቆች፦ የአሠሪ ፍትሕ፣ ጤና እና ሥራ መልቀቅ

ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ቶኮዛ፣ እንደ ሌሎቹ የጋውቴንግ ታውንሺፖች፣ ኢትዮጵያውያን በትናንሽ የሰፈር ሱቆች ይሠራሉ። እዚያው ሱቅ የሚያድር ተቀጣሪ ሥራና ዕረፍቱ ይደበላለቁበታል፤ ሥራውን ከለቀቀ ማደሪያውንም ያጣል።

በደል ጤናን ይነካል። እ.አ.አ. በ2005 የታተመው የብሪታንያው ኋይትሆል ጥናት፣ ከ6,000 በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትሎ፣ በሥራቸው ፍትሕ አለ ያሉት በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በሲሶ ያህል ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። እነዚህ ግን የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ ሱቅ ውስጥ የሚያድሩ አልነበሩም።

በደቡብ አፍሪካ ሕግ፣ አሠሪው ሥራውን ሊቋቋመው እስከማይችል ድረስ ያከበደበት ሠራተኛ ራሱ ቢለቅም እንደተባረረ ሊቆጠር ይችላል። የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤትም በ2008 የሥራ ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ በዚህ ሕግ እንደሚጠበቅ ወስኗል። አቤቱታው ለአስታራቂና ገላጋይ ኮሚሽኑ፣ ለሲሲኤምኤ፣ የሚቀርበው ሥራው በተቋረጠ በ30 ቀናት ውስጥ ነው።