ፕሪፕያት፦ «ለጊዜው» የተለቀቀች ከተማ
ሰሜን ዩክሬን፤ ከ1970–1986 እ.ኤ.አ.

ፕሪፕያት በሶቪየት ኅብረት ዘመን ለቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከማመንጫው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከሚያልፈው ወንዝ ሲሆን፣ ወደ 49,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ነበሯት፤ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. (ኤፕሪል 26 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ፣ የደኅንነት ሙከራ ሲደረግበት የነበረው የማመንጫው 4ኛ ሪአክተር ፈነዳ። ቅዳሜ ሲነጋ የአደጋው ስፋት ለሕዝቡ አልተነገረም፤ ልጆችም እንደወትሮው ትምህርት ቤት ዋሉ። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነዋሪዎቹ «ለጊዜው» ተብለው ከ1,000 በላይ በሆኑ አውቶቡሶች ከከተማዋ ወጡ። እንዲይዙ የተነገራቸው መታወቂያቸውን፣ እጅግ አስፈላጊ ዕቃዎችንና ለመንገድ የሚሆን ምግብ ብቻ ነበር።

የከተማዋ መዝናኛ ፓርክ ቢጫ መሽከርከሪያ ለሜይ 1 የሠራተኞች ቀን በዓል ሊመረቅ ታስቦ ነበር።

ተፈናቃይ ሠራተኞችን ለማስፈር ስላቩቲች የተባለች አዲስ ከተማ ተገነባች። ማመንጫው በቀሩት ሪአክተሮች እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ማምረቱን ቀጠለ። ፕሪፕያት ግን ዛሬም በተከለከለው ቀጣና ውስጥ ትገኛለች፤ ነዋሪ የላትም።