ሣጥን በሣጥን ውስጥ

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ምን ምን ዕቃ አለው ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ጣሪያ ላይ ሙቀት የሚሰበስብ ሰሌዳ፣ ታንከር፣ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ። በዓመት ውስጥ ምን ያህል ሙቅ ውሃ ይሰጣል ሲባል ግን ነገር ይመጣል። ሰሌዳው የሚሰበስበው ሙቀት ከታንከሩ በሚመጣው ውሃ ይወሰናል፤ የታንከሩ ውሃ ደግሞ ሰሌዳው በሰጠው ሙቀት። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ እንደማለት ነው። ይህንን በየሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ በእጅ አስልቶ የሚዘልቅ ሰው የለም።

ኮምፒውተር እንዲያሰላው ካደረጉት ቀዳሚዎች መካከል በማዲሰን ከተማ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የፀሐይ ኃይል ላቦራቶሪ ይገኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ አሜሪካ ስለ ፀሐይ ለሚያወሩ ሰዎች ጆሮ ሰጥታ ነበር። ጆን ደፊ፣ ዊሊያም ቤክማንና ሳንፎርድ ክላይን የሠሩበት ትራንሲስ የተባለው ፕሮግራም በ1975 ለሕዝብ ቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በፎርትራን ቋንቋ የተጻፈ ራሱን የቻለ ቁራጭ ሆነ፤ ‹ታይፕ› ተባለና ቁጥር ተሰጠው። ታንከሩን አንድ ሰው አንዴ ይጽፈዋል፤ ሌላው አውጥቶ በራሱ ሥራ ላይ ይገጥመዋል። መግቢያ አለው፣ መውጫ አለው፤ የአንዱ መውጫ የሌላው መግቢያ ይሆናል።

ውሃ በቧንቧ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ይህ አካሄድ ለተነሱበት ጉዳይ ልክ ነበር። ግን እስቲ ግድግዳን አስቡት። የግድግዳ መግቢያው በየት በኩል ነው? ቀን ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሌሊት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጣጣው የሚብሰው ደግሞ ብዙ ዕቃ አንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ሣጥን ልጠቀምበት ሲሉ ነው። አንዱ ቦታ ላይ የውጭው ዓለም ለሣጥኑ የሙቀት መጠን ሰጥቶ ‹ስንት ዋት አለፈ?› ይለዋል፤ ሌላው ቦታ ላይ ዋቱን ሰጥቶ ‹ስንት ዲግሪ ደረስክ?› ይለዋል። እኩልታው ያው ነው፤ ጥያቄው ስለተገለበጠ ብቻ ሣጥኑ እንደገና ይጻፋል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንድ ሙቀት መለዋወጫ አምስት ቅጂ አይቻለሁ፤ በአንዱ የታረመው ስህተት በአራቱ ውስጥ በሰላም ይኖር ነበር።

መፍትሔው ከስዊድን መጣ። በ1978 ሂልዲንግ ኤልምክቪስት በሉንድ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ ዳይሞላ የሚባል የሞዴል መጻፊያ ቋንቋ አብሮ አቀረበ። ‹ክላስ› የሚለውን ሐሳብ ያገኘው ከጎረቤት አገር ከኖርዌዩ ሲሙላ ነው። በዳይሞላ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ሣጥን ደግሞ በዚያ ውስጥ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መደራረቡ አይደለም፤ ሣጥኖቹ የሚነካኩበት ቦታ ነው። ‹ቁርጥ› ብሎ በሰየመው በዚያ ቦታ ሁለት ዓይነት መጠኖች በእዝባር ተለይተው ይጻፋሉ። ሁለት ቁርጦች ሲገናኙ የመጀመሪያዎቹ እኩል ይሆናሉ፤ የሁለተኛዎቹ ድምር ዜሮ ይሆናል። ለሙቀት ስንተረጉመው፣ በመገናኛው ላይ ዲግሪው አንድ ነው፤ የገባው ዋት ያህል ይወጣል። በቃ። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ የሚጽፍ የለም፤ ያንን ሁሉም ነገር ከተገጣጠመ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ ይፈልገዋል።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልተስፋፋም? አንደኛ፣ የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር አቅም አልነበረውም። ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ይላል። ሁለት የብረት ብሎኮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መነሻ ሙቀት አላቸው። በቀጥታ አጣብቃቸው፤ መገናኛው ‹ዲግሪያችሁ አንድ ነው› ይላቸዋል። እንግዲህ ሁለት መነሻ የነበረው አንድ ሆነ፤ ለየብቻቸው ትክክል የነበሩ ሁለት ሣጥኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ስሌቱን ያንቁታል። ይህንን የሚያገኝ ስልት በ1988 ያወጣው ኮንስታንቲኖስ ፓንቴሊዴስ የኬሚካል ምሕንድስና ሰው ነው። ያለ እሱ ሥራ ሣጥን ሠሪው ሌላው ሰው ከምን ጋር እንደሚያጣብቀው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ያ ከሆነ ደግሞ ማዋስ የሚባል ነገር የለም።

በ1996 ኤልምክቪስትና ሌሎች የአውሮፓ ተመራማሪዎች ተሰባሰቡ፤ በመስከረም 1997 ሞዴሊካ የመጀመሪያ እትሙን አገኘ። እዚያ የሙቀት መገናኛ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ዲግሪና የሙቀት ፍሰት። ከሣጥኑ ውስጥም አንዱ ዕቃ ‹ተለዋጭ› ተብሎ ሊታወጅ ይችላል፤ የማቀዝቀዣውን ሞዴል ሳይነኩ ኮምፕረሰሩን ብቻ በሌላ መተካት ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሞዴሊካን የሚያነበው ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር ሣጥኖቹን በሙሉ ይበትናል። እኩልታዎቹን አንድ ረጅም ዝርዝር ላይ ያሰጣቸዋል፤ ስሌቱ የሚካሄደው በዚያ ላይ ነው። መደራረቡ ለእኛ ለሰዎቹ እንጂ ለማሽኑ አልነበረም። ለዚህም ነው አንድ ነገር ሲበላሽ ስለ ራስህ ቦይለር ሳይሆን ስማቸውን ሰምተህ ስለማታውቃቸው እኩልታዎች የሚነግርህ።

በ2010 ደግሞ የመጀመሪያው ኤፍኤምአይ ወጣ፤ ፋብሪካዎች ሞዴል የሚለዋወጡበት ስምምነት ነው። የፓምፕ አምራቹ እኩልታውን ለመኪና ሠሪው ማሳየት አይፈልግም፤ ስለዚህ ሣጥኑ ታሽጎ ይላካል። የታሸገ ሣጥን ግን ሊበተን አይችልም። በክዳኑ ላይ የቀሩት እነዚያው የ1975ቱ ናቸው፦ መግቢያና መውጫ።